ዘጠና ስምንት በመቶ የረካው ሰፈር

በጤና ጣቢያችን መግቢያ፣ ከዘበኛው ወንበር በላይ፣ በመስታወት ክፈፍ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት አለ። «ዘጠና ስምንት በመቶ የነዋሪዎች እርካታ» ይላል። ማኅተም አለው፤ ሁለት ፊርማ አለው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ሐረግ ተስሎበታል። ባለሥልጣን በመጣ ቁጥር ዘበኛው በእጅጌው ይወለውለዋል። ይህን ያህል በረካ ሰፈር ውስጥ አንድ የረካ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ያረካነው እኛ ነን፤ የረካው መዘጋጃ ቤቱ ነው።

ወረቀቱን ካስገኙት ሰዎች አንዱ ሰፈሩ «መቀስ» እያለ የሚጠራው ፀጉር አስተካካይ ነው። የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ ይበልጥ ግን ስለ ሚስቱ ቀኝ እግር።

መቀስ ሠላሳ ዓመት የሰው ጭንቅላት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ሱቁ ከጤና ጣቢያው በር ትይዩ ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ። ሁለት ወንበር አለው፤ አንዱ ለሚቆረጥ፣ አንዱ ለሚያወራ። መስታወቱ በአንድ ጥጉ ጠቁሯል፤ ግራ ጆሮውን ማየት የፈለገ ደንበኛ ብድግ ማለት አለበት። ከወንበሮቹ ኋላ ባለ አበባ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሚስቱ፣ ሰፊዋ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጆቻቸው አድገው በየፊናቸው ሄደዋል። ባልና ሚስቱ ሃያ ስድስት ዓመት በመጋረጃ ተለያይተው፣ በወሬ አንድ ሆነው ሠርተዋል። እሱ ከፊት ቀልድ ይጀምራል፣ እሷ ከኋላ ትጨርሰዋለች፤ ደንበኛው የሚስቀው በእሷ ነው።

ሰፊዋ ስኳር በሽታ ካለባት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ዓመት አዲስ ጫማ ቀኝ እግሯን ላጣት፤ ከትንሿ ጣት ሥር አንዲት ውሃ የቋጠረች ነገር ወጣች፣ ፈነዳች፣ አልድን አለች። ትልቁ ሆስፒታል ትንሿን ጣት ቆረጠና ቁስሉን ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ አስረከበ። ሐኪሙ ሲሸኛት፣ «ይህ ቁስል በንጽሕና ከተያዘ ይድናል፤ ካልተያዘ ግን በሚቀጥለው የምንነጋገረው ስለ ጣት አይሆንም፤ ስለ እግርሽ ነው» ብሏታል። የልብስ ስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በዚያው እግር ነው።

ጤና ጣቢያው ቁስል ማጠቢያ ክፍል ነበረው። ክፍሉ አንዲት ነርስ ነበረችው፤ ሁላችንም «ሲስተር» እንላታለን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ብቻ ታጥባለች፤ በቀረው ጊዜ ክትባት ላይ ናት። በአንድ ጠዋት አሥራ አምስት ተራ ቁጥር ይታደላል። አሥራ ስድስተኛው ሰው ቁስሉን ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል። ሰፊዋ በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሲቀድ ትሰለፋለች፤ አንድ ቀን ይደርሳታል፤ የሰመረላት ሳምንት ሁለት።

እንግዲህ በአንድ ረቡዕ ጠዋት መቀስ ጡረተኛውን ሹፌር ወንበር ላይ አስቀምጦ ግማሽ ፊቱን ላጭቷል። ሹፌሩ እግሩ ላይ አራት ዓመት ያስቆጠረ ቁስል አለው። በሚያወራው ወንበር ላይ ክንዱን ምድጃ የለበለበው ዳቦ ጋጋሪ ተቀምጧል። ሁለቱም ያን ዕለት ተራ አልደረሳቸውም።

«አሥራ ስድስተኛ ነህ ተባልኩ!» ይላል ሹፌሩ በሳሙና አረፋ ውስጥ። «እኔ በአንድ አውቶቡስ ስልሳ ሰው ስጭን ኖሬ፣ ይህች ክፍል በአሥራ አምስት ሰው ሞላሁ ትላለች!»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የሚጭኑት ጣራ ላይ ያለውንም ቆጥረው ነው» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ታዲያ እኔንም ጣራ ላይ አውጥተው ይጠቡኛ!»

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ፣ ጆሮዎን እቆርጣለሁ» አለ መቀስ። «ለጆሮ ደግሞ የትም ሰልፍ የለም።»

ጤና ጣቢያውን ከመሠረቱ እስከ ጣራው አብጠለጠሉት። የመድኃኒት ክፍሉን ሰደቡ፤ አስተዳዳሪውን ሰደቡ፤ መዘጋጃ ቤቱን ከነጡረተኞቹ ሰደቡ። እንደዚያ ያለ ጥልቅ ምዘና በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ አይገኝም። በዚህ መካከል አንዲት ወጣት፣ አንገቷ ላይ መታወቂያ፣ ክንዷ ሥር የፕላስቲክ ማኅደር ይዛ ገባች።

«እንደምን አደራችሁ? ለሕዝብ አገልግሎት አሰጣጥ ምዘና ነው የመጣሁት።»

«አንቺ የመምህሩ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለ ሹፌሩ። «እንዴት አድገሻል በይ! አባትሽ ደህና ነው?»

አለቀ። የማን ልጅ እንደሆነች በታወቀበት ቅጽበት እውነት ከሱቁ ወጥታ መንገዱን ተሻገረች። እኛ ሰዎች የማናውቀውን እንሰድባለን፤ ያወቅነውን እናስደስታለን። ይሉኝታ የሚሉት በሽታችን ደግሞ ክትባት የለውም።

«የባለሙያዋ አቀባበል እንዴት ነው?» ልጅቷ አነበበች።

«ሲስተርን ነው? ወርቅ ናት! በጣም ጥሩ በይ።»

«የማረፊያ ወንበሩ ምቾትስ?»

«በጣም ጥሩ» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ ያን ጠዋት ሦስት ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው!

«የግድግዳው ቀለም?»

«ቀለሙማ ምን ይወጣለታል።»

«በአጠቃላይ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?»

ሹፌሩ ወደ እግሩ አየ። ካልሲው ላይ ቢጫ እርጥበት ወጥቷል። «ዝቅ አድርጌ ብናገር ሲስተርን ይቆጧታል?»

«እኔ እንጃ ጋሼ... ሊቆጧት ይችላሉ።»

«አንቺንስ?»

«እኔማ የተሞላ ፎርም ነው የምመልሰው። መቶ ካልሞላሁ ግን አያሰናብቱኝም።»

«በይ እንግዲያው በጣም ረክቻለሁ በይ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ አንቺ ቤትሽ ግቢ።»

ሁሉም በጣም ረኩ። መቀስም መላጫውን አስቀምጦ፣ እጁን በጎኑ ጠርጎ፣ ረካ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «በቤተሰብዎ ውስጥ የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ካለ» የሚል ነበር።

«እትዬ የሉም?» አለች ልጅቷ።

«ሰልፍ ላይ ናት። አምጪው፣ እኔ እሞላላታለሁ። እኔና እሷ አንድ ነን።»

ሰባቱንም ጥያቄ ሚስቱን ወክሎ «በጣም ጥሩ» አላቸው። ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር ነበር። ባዶ መስመር ባዶውን መተው ነውር መስሎት፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ «በዚሁ ይቀጥል» ብሎ ጻፈበት። ልጅቷ አመስግና ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሰፊዋ ዱላዋን ተደግፋ ገባች።

«አሥራ ዘጠነኛ» አለች። «ከፊቴ የነበረችው አሮጊት አለቀሰች፤ እኔ እንኳ አላለቀስኩም።»

«አይዞሽ፣ ዓርብ አለ» አላት። ስለ ፎርሙ ትንፍሽ አላለም።

ፎርሙን አይቼዋለሁ። ሰባት ጥያቄ ነው። ስለ ፈገግታ ይጠይቃል፣ ስለ ወንበር ይጠይቃል፣ ስለ ቀለም ይጠይቃል። «ቁስልህ በሳምንት ስንት ቀን መታጠብ አለበት?» የሚል የለበትም። አንድ ምግብ ቤት የተራበ ሰው ደጅ ላይ አቁሞ ስለ መጋረጃው ውበት ቢጠይቀው እብድ ነው እንላለን፤ መዘጋጃ ቤት ሲያደርገው ግን ምዘና ይባላል፤ ባለሙያ ይቀጠርለታል፤ ስልሳ ገጽ ሪፖርት ይጻፍለታል።

ከሦስት ወር በኋላ የምስክር ወረቀቱ ተሰቀለ። በዚያው ሳምንት ከሥሩ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ዘበኛው ለተሰለፈው ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፦ «በተካሄደው ምዘና የአካባቢው ነዋሪ ፍላጎት በአጥጋቢ ሁኔታ የተሟላ ሆኖ በመገኘቱ፣ የቁስል ማጠብ አገልግሎት ባለሙያዋ የነዋሪው እርካታ ዝቅተኛ ወደ ሆነበት ወደ ላይኛው ሰፈር ጤና ጣቢያ የተዛወረች መሆኑን በደስታ እንገልጻለን።»

በደስታ!

የላይኛው ሰፈር ሰው አርባ አንድ በመቶ ነበር የሰጠው። እዚያ የመምህሩን ልጅ የሚያውቃት የለም፤ ባፏ ሙሉ «እንዴት ነው?» ስትላቸው ባፋቸው ሙሉ ነገሯት። እኛ «ባለጌዎች» እንላቸዋለን። ባለጌዎቹ ነርስ አገኙ፤ ጨዋዎቹ ክፈፍ።

ላይኛው ሰፈር ለመድረስ ሁለት ታክሲ ከተያዘ በኋላ ዳገት አለ። መቀስ ሱቁን ዘግቶ ሚስቱን በብብቷ ደግፎ ይወስዳት ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሩ አልቆ ደረሱ። በሁለተኛውም። በሦስተኛው እሷ እምቢ አለች፤ ዳገቱ ቁስሉን ያደማዋል። ቤት ውስጥ በጨው ውሃ ማጠብ ያዙ። በአምስተኛው ሳምንት መጋረጃው ውስጥ ሽታ ገባ። ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ስለ አየር ጠባይ ማውራት ጀመሩ። መቀስ በስድስተኛው ሳምንት ሰው ተለምኖ በተገኘ መኪና አሳፍሮ ወሰዳት፤ ያን ቀን ደረሳቸው።

ሲስተር ፋሻውን ፈታች። 

«እትዬ፣ ይሄ እኮ በየቀኑ መታጠብ ነበረበት» አለች። «ድሮም ሦስት ቀን አይበቃዎትም ነበር። ለአለቆቹ ስንት ጊዜ ጻፍኩ! ሁለተኛ ሰው ጨምሩልኝ አልኩ። ‹ነዋሪው ራሱ ረክቷል፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ?› አሉኝ። ፎርሙን አውጥተው አሳዩኝ። ‹በዚሁ ይቀጥል› ብሎ የጻፈ ሁሉ አለ።»

መቀስ መስኮቱን ማየት ጀመረ። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ በኖራ የተቀባ ነው።

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሰፊዋ፣ «አንተ ነህ» አለችው።

«ምኑ?»

«‹በዚሁ ይቀጥል› ያልከው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት በመጋረጃ ድምፅህን ስሰማ የኖርኩ ሰው ዝምታህ ይጠፋኛል? ለእኔም ሞላህልኝ?»

«...ሞላሁ።»

«እግሩ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«ጠየቅከኝ?»

 መኪናውን የሚነዳው ሰው እንኳ ራዲዮኑን ዝቅ አደረገ።

በማግስቱ መቀስ ሱቁን ዘግቶ መዘጋጃ ቤት ሄደ። የምዘና ክፍሉ ባለሙያ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት እንኳ ያላዘመመችበት ወጣት ነው። ፎርሙን ፈልጎ አወጣለት፤ እንዲህ ያለ ነገር እንደ እነሱ ቶሎ የሚያወጣ የለም።

«ይኸው፣ ‹በጣም ጥሩ› ብለዋል። ፊርማው የእርስዎ አይደለም?»

«የእኔ ነው። ዋሽቼ ነው።»

«ጋሼ፣ ፎርሙ ላይ ‹ዋሽቼ ነው› የሚል አማራጭ የለም።»

«ወንድሜ፣ ስማኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት መስታወት ከሰው ማጅራት ኋላ ይዤ ‹እንዴት ነው?› ስል ኖሬያለሁ። አንድም ሰው ‹አበላሸኸኝ› ብሎኝ አያውቅም። ‹ቆንጆ ነው› ብሎኝ በር ላይ ኮፍያ የሚያደርገው ግን ስንቱ ነው! እኔ አፉን አልሰማም፤ እጁን ነው የማየው። እጁ ወደ ማጅራቱ ከሄደ፣ አበላሽቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይጠይቃሉ?»

«ለጨዋነት ነዋ! እኔ ግን ለጨዋነት ጠይቄ ነርስ አላዛውርም!»

ባለሙያው ሊስቅ ፈለገና መሥሪያ ቤቱ ትዝ አለው። ውጤቱ እስከሚቀጥለው ዓመት እንደማይከፈት አስረዳው። የቅሬታ ክፍል መኖሩን ነገረው፤ ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው ግን የአገልግሎቱ ተጠቃሚ ብቻ እንደሆነ፣ በሰፈራቸው ደግሞ አገልግሎቱ ስለሌለ ተጠቃሚ የሚባል እንደሌለ፣ ስለዚህ ቅሬታ ሊኖር እንደማይችል በትሕትና ገለጸለት። እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያለ ትምህርት አይገኝም። ሲሸኘው ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የዛሬ ሁለት ሳምንት ኃላፊው ውጤቱን ለነዋሪው በይፋ ይገልጻሉ። በአዳራሹ። አስተያየት ይፈቀዳል» አለው።

መቀስ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት ቁጣ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ዩኒፎርሙን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳችና፣ «ደብተር አምጣ» አለችው። «የምልህን ጻፍ። አንድ፦ ቁስልህ በሳምንት ስንት ቀን መታጠብ አለበት? ሁለት፦ ስንት ቀን ታጠበልህ? ሦስት፦ ባልታጠበበት ቀን ምን አደረግህ? በቃ።»

«ስለ አቀባበልስ?»

«አቀባበል ሠርግ ላይ ይጠየቅ። ደግሞ በሌላ ሰው አፍ የሚመልስ የለም። ቁስሉ ያለበት ሰው ራሱ ይናገር። ተኝቶም ከሆነ አልጋው ድረስ ሂድ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

በሚቀጥሉት አሥር ቀናት መቀስ ፀጉር ሊቆረጥ የመጣውን ሁሉ ጠየቀ፤ ሱቁን ሲዘጋ ደግሞ ቤት ለቤት ዞረ። የጀመረው ከለመዱት ደንበኞቹ ነው።

«ሲስተር እኮ ወርቅ ነበረች...» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ ስለ ሲስተር አልጠየቅኩም። ስለ እግርዎ ነው። ስንት ቀን?»

«...በየቀኑ ብለውኛል።»

«ስንት ቀን ታጠቡ?»

«አሁን? ምንም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

ሹፌሩ ወደ በሩ አየ። «በበረኪና አጠብኩት።»

«በበረኪና! ጋሼ!»

«ምን ላድርግ? የመኪና ጎማ ስጠርግበት የኖርኩት ነው፤ እጄ ላይ ያለው እሱ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው ክንዱን በፌስታል ጠቅልሎ ሊጥ ሲያቦካ መክረሙን ተናገረ። ዳቦውን ስንበላ የከረምነው እኛ ነን።

ከጀርባ ሰፈር አንዲት አሮጊት አሉ፤ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። የመምህሩ ልጅ እሳቸው ጋ አልደረሰችም፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ለመጠየቅ የሚበቃ ፎርም አልተሰጣትም። መቀስ ሲገባ ምራታቸው በሩ ላይ፣ «እማማ ደህና ናቸው፣ ምንም አልጎደለባቸውም» አለችው። ሊመለስ ነበር። «ራሳቸውን ልጠይቅ» አለ ግን፣ አፍሮ። አሮጊቷ ጀርባቸው ተላልጧል፤ አልጋው በልቷቸዋል።

«ስንት ቀን መታጠብ አለበት እማማ?»

«ሰባት ቀን፣ ልጄ።»

«ስንት ቀን ታጠበልዎት?»

«አንድም።»

«ባልታጠበበት ቀን ምን አደረጉ?»

«ዞሬ ተኛሁ።»

መቀስ ከዚያ ቤት ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ደብተሩ ላይ «ዞሬ ተኛሁ» ብሎ ሲጽፍ ያ የሚያምር ጽሕፈቱ ተንጋዷል፤ አይቼዋለሁ።

በአሥር ቀን ስልሳ አንድ ሰው ተገኘ። የመሥሪያ ቤቱ ሪፖርት «አማካይ ተጠቃሚ አሥራ አምስት» ይላል። ለምን አሥራ አምስት? ቁጥር የሚታደለው አሥራ አምስት ስለሆነ ነዋ! በራሳቸው ጠባብ በር ገብቶ የወጣውን ቆጥረው የሕዝቡ ፍላጎት ይህ ነው አሉ፤ በሩ ላይ የቀረውን ሰው ቁጥር ውስጥ ለማስገባት የፈለገ አልነበረም።

የአዳራሹ ቀን ደረሰ። መድረኩ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ፣ አራት ባለሥልጣን። ከፊት ረድፍ ሲስተር ተጋብዛ ተቀምጣለች፤ ሽልማት ሊሰጧት ነው። የመምህሩም ልጅ አለች። ኃላፊው «አበረታች» የሚለውን ቃል አሥራ አንድ ጊዜ ተጠቀመ፤ ጎኔ የተቀመጠው ሹፌር በጣቱ ቆጥሯል፣ ጣት አልበቃውም።

«ለዚህ ውጤት ምስክሩ ነዋሪው ራሱ ነው» አለ ኃላፊው። «ረክታችኋል አይደል?»

 እንደ ልማዳችን፣ አንዳንድ ቦታ ጭብጨባ ተሰማ።

መቀስ ተነሣ። ደብተሩን ገለጠ። «ጌታዬ፣ እኔ... ዋሽቻለሁ።»

ጉምጉምታ ሆነ። «ወንድማችን ምናልባት ጥያቄው አልገባቸው ይሆናል» አለ ኃላፊው ፈገግ ብሎ።

«ገብቶኛል። ሚስቴ በሳምንት ሰባት ቀን... ማለቴ...» ዓይኑ ከሲስተር ዓይን ጋር ተጋጨ፤ ከዚያም ከመምህሩ ልጅ ጋር። ያ የለመደው ይሉኝታ ተመለሰበት። «ሲስተር በእርግጥ በጣም ጥሩ...»

«አንተ ተቀመጥ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ሰፊዋ በዱላዋ ቆማለች። «የእኔን እኔ እናገራለሁ። ሰባት ቀን ያስፈልገኛል። ሲስተር እያለች አንድ ቀን ይደርሰኝ ነበር። አሁን ምንም። ባልታጠበበት ቀን በጨው ውሃ ዘፈዘፍኩት፤ አሁን ይሸታል። እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ፤ ስለ አየር ጠባይ ስታወሩልኝ ከርማችኋል።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ ጮኸ፦ «ሰባት! ምንም! በረኪና!»

«አራት! ምንም! ፌስታል!» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሰባት! ምንም!» አለች ከግድግዳው በኩል አንዲት ሴት። «ሦስት! ምንም!» ከዚህም ከዚያም ቁጥር ይወረወር ጀመር። የአሮጊቷ ምራት ተነሥታ፣ «ለእማማ ነው፣ እሳቸው ያሉትን ነው የምናገረው» ብላ አስቀድማ፣ «ሰባት። ምንም። ዞረው ተኙ» አለች። መድረኩ ላይ አንዱ ባለሥልጣን ውሃ ከፈተና መጠጣቱን ረሳው።

ኃላፊው ብልህ ነው። «እሺ» አለ። «ያለችን አንዲት ነርስ ናት። ከላይኛው ሰፈር ሕዝብ ነጥቀን እናምጣላችሁ? ይህን ነው የምትሉት?»

አዳራሹ ሊደነግጥ ነበር። ሰፊዋ ግን እንዲደነግጥ አልፈቀደችለትም።

«ማን ንጠቁ አላችሁ? እነሱንም እንዲህ ጠይቁ። የእነሱን ቀንና የእኛን ቀን ደምሩ፤ ስንት ነርስ እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል። ለመደመር ደግሞ ምዘና ያስፈልጋል?»

ሲስተር ተነሣች። ድምፅ ማጉያ አልጠበቀችም። «የተናገሩት ቁጥር እውነት ነው» አለች። «እኔ ስጽፍላችሁ የነበረውም ይኸው ነው።» ሽልማቱን ሳትቀበል ተቀመጠች። የመምህሩ ልጅ አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ ወደ ኪሷ ከተተችው። ደብተሩ ለኃላፊው ተሰጠ፤ «እናየዋለን» አለ።

አዩት። ለማየት አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። ቅጥር ለመፍቀድ ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፣ ንዑስ ኮሚቴው ለስብሰባ ቀን አጣ። ሥጋ የሥራ ቀን አያውቅም፤ ቅዳሜና እሑድም ይበሰብሳል። በዘጠነኛው ሳምንት ሰፊዋን ትኩሳት ያዛት። ትልቁ ሆስፒታል የእግሯን ግማሽ፣ ከአውራ ጣት እስከ መሐል እግር ያለውን፣ ቆረጠ። ሐኪሙ፣ «ሁለት ወር ቀድማችሁ ብትመጡ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር» አለ። የት ነበር የሚመጡት?  ተረከዟ ግን ተርፏል፤ ተረከዙን ለማትረፍ ደግሞ በየቀኑ መታጠብ አለበት።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት ለሰፈራችን አዲስ ነርስ ተቀጠረ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ሙሉ ቀን። መዘጋጃ ቤቱ በዓመታዊ መጽሔቱ፣ «ለነዋሪው ጥያቄ የተሰጠ ፈጣን ምላሽ» ብሎ ፎቶውን አወጣ። ፈጣን! ግማሽ እግር ያህል ፈጣን።

በመጀመሪያው ጠዋት መቀስ ሚስቱን በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ አስገባት። አዲሱ ነርስ ገና ወጣት ነው፤ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ ፋሻውን በዝግታ ፈታ፣ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ያምዎታል እንዴ እትዬ?» አለ።

መቀስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አፉ ከእሱ ቀደመ። «ኧረ ደህና ናት፣ በጣም ጎበዝ...»

«አንተ ውጭ ጠብቀኝ» አለችው፣ ቀና ሳትል።

ወጣ። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀለት፤ አልተቀመጠም። በሩ ክፍት ስለነበር ድምፅዋ ይሰማው ነበር።

«በጣም ያመኛል» አለች ሰፊዋ። «ከተቆረጠው ላይ እስከ ጉልበቴ። ማታ ይብሳል። ቀስ ብለህ ያዘው። ደግሞ ዓርብ አጥበህ ለሰኞ ቀጠሮ ትሰጠኛለህ መሰለኝ።»

«አዎ እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት...»

«ቅዳሜና እሑድ ማን ነው የሚያጥበው?»

ነርሱ ፋሻውን በእጁ ይዞ ቆመ። ይህን እስካሁን ማንም አልጠየቀውም።

«አላውቅም» አለ።

«እንግዲያው እርሳስ አውጣና ጻፍ።»